ባሕር ዛፎቹን ቆርጫቸዋለሁ

ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ በላይነህ፤
ሚዛን ተፈሪ።

ጋሼ፣ ለመሆኑ እንዴት ከረሙ? ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ክረምት ሲገባ የሚነሣብዎ የወገብ ሕመምስ ለቀቀዎ? የማስተማሩ ሥራ እንዴት ይዞዎታል? እትዬ አልማዝስ ደህና ናቸው ወይ? ሄኖክና ትዝታ መቼም አድገው መንገድ ላይ ባገኛቸው የማላውቃቸው ሆነው ይሆናል። እዚያ አገር ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ነው ብለው ከጻፉልን ወዲህ እናታችን «ታዲያ ልብሳቸው መቼ ይደርቃል?» እያለች እስከ ዛሬ ትጠይቀኛለች። እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከእርስዎ ናፍቆትና ዓመት ካስቆጠረው ኩርፊያ በቀር የጎደለብን የለም። እናታችን ዓይኗ ትንሽ ደከመ እንጂ ድምፅዋ እንዳለ ነው፤ ከጓሮ ሆና ስትጣራ ወንዝ ማዶ ያለው ሰው «አቤት» ይላል። መሠረትም ልጆቹም ደህና ናቸው። ላሚቱ ሴት ጥጃ ወልዳለች።

ኩርፊያ ያልሁት በእኔ በኩል ያለውን ነው። የእርስዎ ቁጣ ነው፤ ቁጣ ደግሞ ለታላቅ ወግ ነው። ዓምና በጥቅምት የላኩልኝን ደብዳቤ ሳልመልስ ዓመት መክረሜ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ከእናንተ ዘንድ የመጣ ሰው ደግሞ «ወንድምህ በጥምቀት መጥቶ ስለ አባታችሁ ባሕር ዛፍ ሽማግሌ ሊያስቀምጥ ነው» ብሎ ነገረኝ። ይምጡ። ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት ግን ነገሩን ከእኔ ከራሴ አፍ ይስሙት ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት።

የሰሙት ወሬ እውነት ነው። ቆርጫቸዋለሁ። ከሠላሳ ስምንቱ አሥራ ዘጠኙን። እኩሌታውን ስለሆነ «ድርሻዬን ነው» ብዬ ልከራከር እችል ነበር፤ ግን የእኔ የእርስዎ ብዬ ለይቼ አልቆረጥሁም፤ ቀጥ ቀጥ ያለውን መርጬ ነው የቆረጥሁት። «ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ ነው» ብዬ ልጽፍም አስቤ፣ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድሁት። ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «እኔ መጥቼ እስክንመክር ድረስ አንዲት ቅጠል እንዳትነካ» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ከዚያ አጥፌ ከዳዊቴ ውስጥ አስቀመጥሁትና መጥረቢያዬን ስዬ ወጣሁ።

ለምን እንደሆነ ከሥሩ ካልሰሙት ድፍረት ብቻ ይመስላል፤ ስለዚህ ይታገሡኝ።

በ1994 ዓ.ም. ቃልኪዳን የምትባለው የግብርና ሠራተኛ እኛን ገበሬዎቹን ሰብስባ ከገሳይ ማዶ ወስዳ አንድ ቤት አሳየችን። ግድግዳው ጭቃ አልነካውም፤ እንጨቱ ጣት በሚያስገባ ክፍተት ተራርቆ የተመታ ነው። ውስጡ እንደ ቆጥ በመደዳ ተረብርቧል። ለዘር የተመረጠ ድንች እዚያ ላይ በስሱ ይበተናል፤ ብርሃንና ነፋስ ያገኛል፣ የቀጥታ ፀሐይ ግን አይመታውም። ቆዳው ይጠነክራል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ አጭርና ወፍራም ቡቃያ ያወጣና እስከ መትከያው ድረስ ሳይበሰብስ ይቆያል። የእኛን አገር ነገር አንቱም ያውቁታል። በጥቅምት ድንቹ ሲቆፈር ነጋዴው አይሱዙውን ከመንገድ ዳር አቁሞ ባሻው ዋጋ ይጭናል። ለዘር ብለን ከጨለማ ጥግ የከመርነው ግማሹ ይበሰብሳል፣ ግማሹ እንደ ገመድ የረዘመ ነጭ ቡቃያ ያወጣል። ግንቦት ሲመጣ ያንኑ ነጋዴ ዘር እንለምናለን፤ እሱም ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ በሽተኛ ድንች ይሰጠናል። እና ያን ቤት ባየሁ ቀን ልቤ ዘለለች። በዙሪያችን ደህና ዘር አቆይቶ ለአገሩ የሚሸጥ አንድ ሰው እንኳ የለም፤ ያ ሰው እኔ ለምን አልሆንም አልሁ። ልብ ይበሉልኝ፣ ይህን ያልሁት በ1994 ነው።

ከዚያ ወዲያ ያደረግሁትን ያውቁታል። አሰብሁ። ከአባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ስድስት ዓመት ትርጓሜ ተምሬ ሳልጨርስ ሲያርፉብኝ፣ ከጉባኤው ተርፋ ከእኔ ጋር እርሻ የወጣችው «አንድም» የምትለዋ ቃል ናት። ለመጽሐፍ እንዲያ የምትበጀው ቃል ለእርሻ ፈጀችኝ። ደብተር ገዝቼ ጻፍሁ። ቤቱን ከጓሮ ብሠራው ነፋስ ያጣል፤ አንድም ከደጅ ብሠራው ሌባ ይለምደዋል፤ አንድም ዘሩ ቢያምር ገዢ ይጠፋል፤ አንድም ገዢው ቢመጣ ዝናቡ ይዘገያል፤ አንድም ዝናቡ ቢመጣ ውርጭ ይከተለዋል። አርባ አንድ ጠላት ቆጥሬ ጻፍሁ። ለእያንዳንዱ ጠላት መልስ ጻፍሁ፤ መልሱም በተራው ሌላ ጠላት ወለደ። ሁለተኛ ደብተር ገዛሁ። ለእርስዎም በየዓመቱ እጽፍ ነበር፤ አንቱም በየዓመቱ «ረጋ በል፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያሉ ይመልሱልኝ ነበር። እውነቱን ልንገርዎ ጋሼ፣ ምክርዎ ይጣፍጠኝ ነበር። ታላቅ ወንድም ረጋ በል ሲል መቀመጥ ስንፍና መሆኑ ይቀርና መታዘዝ ይመስላል። አራት ዓመት ታዘዝሁ።

በ1998 መስከረም ሊያልቅ ሲል፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ቤት ተቀምጠናል። እሸቴን፣ ያን ጎረቤታችንን፣ ዛሬም ቀልዱ አልቀነሰም፣ አንዱ «ለቤተ ክርስቲያን የተሳልኸውን ጃንጥላ መቼ ነው የምታገባው?» ብሎ ጠየቀው። እሸቴም ዳቦውን እያላመጠ «የሙላቴ ድንች ቤት ሲያልቅ!» አለ። ቤቱ በሣቅ አወካ። የከፋኝ ሣቁ አልነበረም። አንድም ሰው ዞር ብሎ አላየኝም። ሊያበሽቁኝ ብለው ቢሆን ኖሮ እቀየም፣ እጣላ፣ ይወጣልኝ ነበር። እነሱ ግን እኔ ከጥግ መቀመጤንም ልብ አላሉም። ለካ እኔ ሳላውቅ ስሜ ተረት ሆኗል። የማይመጣ ነገር ሁሉ «የሙላቴ ድንች ቤት» ነው።

ቤት ገብቼ ለመሠረት ስነግራት አልገረማትም። ሁለት ዓመት ሆኖታል አለችኝ። ወንዝ የሚወርዱት ሴቶች ሠርጓ የተጓተተባትን ልጅ ሳይቀር በዚያው እየጠሩ ይሣሣቁ ኖሯል። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህሁባት። እሷም ሽንኩርቷን እየከተፈች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «ብነግርህ ሌላ ደብተር ትገዛ ነበር» አለችኝ።

በማግስቱ ለእርስዎ «ባሕር ዛፉን ልቆርጥ ነው» ብዬ ጻፍሁ። መልስዎን እየጠበቅሁ ከጓሮ መሬቱን ደለደልሁ፣ ድንጋይ ሰበሰብሁ። መልሱ የደረሰኝ ድንቹ ሊቆፈር ሳምንት ሲቀረው ነበር። በዚያ ሰሞን ቤቱ ካልቆመ አዝመራው እንደ ወትሮው በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል፤ ለእኔም አምስተኛው ዓመት ይገባል።

ደብዳቤውን ሳነብ እናታችን ከደጁ ተቀምጣ ስንዴ ትለቅም ነበር። «ምን ይላል?» አለችኝ። ልደብቃት አስቤ አልሆነልኝም፤ ሰላምታውን ጨምሬ አነበብሁላት። «የአባታችን ባሕር ዛፍ» ከሚለው ስደርስ እጇን ከሰፌዱ አነሣችና «የማን ባሕር ዛፍ?» አለች። «ችግኙን ከደብረ ታቦር በጀርባዬ ተሸክሜ ያመጣሁት እኔ፤ አንተን አርግዤ። አባታችሁ ያን ጊዜ ከመጽሐፋቸው ቀና ብለው አላዩትም። ደግሞስ ማን ሞቶ ነው የምትካፈሉት? እኔ በቁሜ አለሁ!» አለች። «ታዲያ ልቁረጠው?» ብላት ተቆጣች። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርስ አብቅለህ እኔን ትጠይቀኛለህ?» ብላ ወደ ስንዴዋ ተመለሰች።

ይህን የምነግርዎ ከእናታችን ቀሚስ ኋላ ልደበቅ ብዬ አይደለም። ቁረጥ አላለችኝም። መጥረቢያውን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ሽማግሌ ፊት የምቆመውም እኔ ነኝ።

ሦስተኛው ዛፍ ሲወድቅ አጎታችን ቄስ ይሻው መስቀላቸውን ይዘው መጡ። የሰሙት ስለ ዛፉ ነው ብዬ ነበር፤ የእሳቸው ነገር ግን ሌላ ሆነ። «የየኔታ ልጅ፣ ትርጓሜ የቀመሰ ሰው፣ ገበያ መሐል ቆሞ ድንች ሲመዝን ልይ?» አሉኝ። ላቤ በዓይኔ እየገባ ነበርና ትዕግሥት አልነበረኝም። «አባቴ፣ ሁዳዴን በምንድን ነው የምንጾመው? ድንቹን መብላቱ ካላሳፈረን መሸጡ ስለምን ያሳፍረናል?» አልኋቸው። ሳይባርኩኝ ዞረው ሄዱ። ያ ከብዶኛል፤ አልዋሽዎትም። መጥረቢያውን ግን አላስቀመጥሁም። እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ በኩል ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ። ዘሩን ግን ዘንድሮ በባለቤታቸው በኩል አስይዘዋል።

እሸቴም የመጥረቢያውን ድምፅ ሰምቶ መጣ። ቆሞ አየኝ። ይቀልዳል ብዬ ስጠብቅ ጋቢውን አውልቆ አጥር ላይ ጣለና የግንዱን ሌላ ጫፍ ያዘ። ዘጠኙን ዛፍ ፈልጠን ለቤቱ አዋልነው፤ የቀረውን ሸጬ ምስማርና የተመረጠ ዘር ገዛሁ። ልጡን የላጠችውም፣ ቆጡን በጠፍር ያሰረችውም መሠረት ናት። ጣሪያውን ሣር አለበስነው። በኅዳር አጋማሽ ድንቹን በየቆጡ በተንሁት። ቤቱ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ደብተሩ ላይ የሳልሁት አያዘነብልም ነበር፤ ደብተሩ ላይ ያለው ግን አንድ ድንች እንኳ አልያዘም።

በጥር አንድ ማለዳ መሠረት ጮኻ ጠራችኝ። የታችኛው ቆጥ ባዶውን ቀርቷል። የተገመሰ ድንች እዚህም እዚያም ወድቋል፤ ከመሬቱ ላይ ጥቁርና ነጭ እሾህ ተበትኗል። ጃርት ነው። ጋሼ፣ በሁለት ደብተር አርባ አንድ ጠላት ጽፌአለሁ፤ ጃርት ግን አልነበረበትም። ቁጭ ብዬ ሣቅሁ። መሠረት ያበድሁ መስሏት ነበር። ሣቄ ሲያልቅ ግን እልህ ያዘኝ። አራት ዓመት ሙሉ ስንቱን መከራ አስቀድሜ ስኖረው የመጣው መከራ ስሙን የማላውቀው ሆኖ ተገኘ፤ ስሙን ያወቅሁትን ደግሞ በሦስት ቀን መለስሁት። ከታች ዙሪያውን ድንጋይ ካብሁ፣ በሩን በወፍራም ሳንቃ ቀየርሁ፣ አለቀ።

ሁሉም ነገር እንዲህ ቀና ብሎ አልሄደልኝም። ግንቦት ገባ፣ ዘሩ እንደ ተባለው አረንጓዴ ሆኖ አጭር ቡቃያ አወጣ፣ እኔም ደጄን ከፍቼ ገዢ ጠበቅሁ። ሰው መጣ፣ አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ። «አረንጓዴ ድንች መርዝ ነው» አሉ። ለመብላትማ መርዝ ነው፤ እኔ ግን ለመትከል ነው የምሸጠው ብዬ አስረዳሁ። ቃልኪዳንም መጥታ አስረዳች። ሦስት ሰው ብቻ ገዛኝ፤ አንዱ እሸቴ ነው፣ እሱም አሳዝኜው ይመስለኛል። የቀረው ዘር እንደ ሞላ ነው። የዚያን ሳምንት የእርስዎ ደብዳቤ ትዝ እያለኝ እህል አልወርድልህ አለኝ። እዚያ ላይ ብተወው ኖሮ ያ ተረት ስሜን እስከ ልጅ ልጄ ይከተለው ነበር።

አልተውሁትም። ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የገብስ ማሳችንን ሙሉውን ድንች ተከልሁበት። ማሩ ከሚባለው ጎረቤታችንም አንድ ማሳ ምርቱን እኩል ልንካፈል ያዝሁ። ገብሱን ማጣት ማለት ምን እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ ዘሩ ባይዝ ኖሮ በዚህ ዓመት የምንበላው ከሰው ደጅ ለምነን ነበር። መሠረት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ። «አይደለሁም» አልኋት። «እንግዲያው እንትከል» አለችና ነጠላዋን አሸረጠች። በእግዚአብሔር፣ ከዚያ ወዲያ ያችን ሴት የማያትበት ዓይን ሌላ ነው።

በነሐሴ ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ አገሩን መታው። የእኛም ማሳ አንድ ጥጉ ጠቆረ፤ ነቅለን ቀበርነው። የቀረው ቆመ። መንገደኛው ሁሉ ከቅዳሴ ሲመለስ የራሱን ማሳ እያሰበ የእኛን ያይ ነበር፤ እኔም ያን ቦታ የመረጥሁት ለዚሁ ነው። በጥቅምት ስንቆፍር ሰው ከማሳው ዳር ቆሞ ጠበቀ። እሸቴ ገብቶ አንዱን ሥር በገዛ እጁ ነቅሎ ቆጠረው፤ አሥራ ሰባት ድንች። ድጋሚ ቆጠረው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ «ሙላቴ፣ ለከርሞ ስሜን ጻፍልኝ» አለኝ። እስከ ትናንት ድረስ ሃያ ሁለት አባወራ ዘር አስይዟል። ነጋዴውም አይሱዙውን አቁሞ ጠየቀኝ፤ የለኝም አልሁት። ጋሼ፣ ለዚያ ሰው «የለኝም» ማለት እንዴት እንደሚጣፍጥ ቢያውቁ!

እንግዲህ ሽማግሌ ይቀመጥ ካሉ እቀመጣለሁ። ከመቀመጣችን በፊት ግን ሽማግሌዎቹን ወደ ጓሮ እወስዳቸዋለሁ። ባሕር ዛፍ ሲቆርጡት አይሞትም፤ ጉቶው ሁሉ አቆጥቁጦ እስከ ደረቴ ደርሷል። ያንንም አይተው፣ ቤቱንም አይተው፣ ሃያ ሁለቱንም አባወራ ጠይቀው ይፍረዱ። ካሣ ክፈል ካሉኝ እከፍላለሁ። ይቅርታ ጠይቅ ካሉኝ ዓመት ሙሉ ዝም ስላልሁዎ ጉልበትዎን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ቆረጥሁት ግን አልጠይቅም። ነገ ያው ነገር ቢመለስ ያንኑ መጥረቢያ አነሣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከተቆጡም አንድ ላይ ይቆጡኝ። በ1990 በጻፉልን ደብዳቤ የዚያን አገር ማር አመስግነው፣ ደን ውስጥ ቀፎ የሚሰቅሉት ሰዎች በርካሽ እንደሚሸጡት ነግረውን፣ «ወደ ጎንደር የሚያመጣው ቢገኝ» ብለው ነበር። ያ ነገር ምን ደረሰ? ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ለእኔ «ረጋ በል» እያሉ የሚጽፉት ለራስዎም ጭምር እንደሆነ የገባኝ ዘንድሮ ነው። ከአንድ አባት ጉባኤ ነው የወጣነው፤ እኔን የያዘኝ እርስዎንም ሳይዝዎ አይቀርም። በጥምቀት ሲመጡ፣ ለክስ የሚሆን ቃል ብቻ ይዘው አይምጡ። አንድ ጀሪካን ማር ይዘው ይምጡ። ባይሸጥ እኔ እበላዋለሁ። ቢሸጥ ግን ለምን ዘጠኝ ዓመት እንደቆዩ እርስዎ ለእኔ ይነግሩኛል።

አሁን ያለው ቤት ለሃያ ሁለት ሰው ዘር አይበቃም። የፊታችን ማክሰኞ የሁለተኛውን ቤት የምሰሶ ጉድጓድ እንቆፍራለን። ሰባት ጎረቤቶች እንጨት ያዋጣሉ፤ ከእኛ ባሕር ዛፍ ደግሞ ለምሰሶ አራት እቆርጣለሁ። ፈቃድ እየጠየቅሁዎ አይደለም ወንድሜ፤ እየነገርሁዎ ነው።

እትዬ አልማዝን እንደ እኔ ሆነው ሰላም ይበሉልኝ፤ ለእናታችን የላኩላት ሻሽ ቤተ ክርስቲያን ለመሳለም ካልሆነ በቀር አይወጣም። ሄኖክን በርታ፣ አጎትህ ሊያይህ ይናፍቃል ይበሉልኝ። ትዝታን ሁለት ጉንጯን ይሳሙልኝ። እናታችን «ልጄን ከነቁጣው ናፍቄዋለሁ» ብላለች፤ እንዳለችው ጻፍሁት። መሠረት ጎንበስ ብላ እጅ ትነሣለች። እሸቴ ሳይቀር ሰላም ብሎዎታል። የእኛ ቤት ታናናሾችም «የሚዛኑ አጎታችን መቼ ይመጣል?» እያሉ ነው።

ይህ ደብዳቤ እጅዎ እስኪገባ አራቱ ምሰሶዎች ቆመው ይጠብቁዎታል። ስለዚህ ምክር ካለዎ ስለ ጣሪያው ይሁን፤ ሣር ይሻላል ወይስ ቆርቆሮ?

ታናሽ ወንድምዎ
ሙላቴ
ገሳይ፣ ደቡብ ጎንደር
ኅዳር 14 ቀን 1999 ዓ.ም.